በ77 የተወሰደችውን እህቴን ከየት ጀምሬ ልፈልጋት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። እናቴ ሰባዎቹን አጋምሰዋል። በ77 ድርቅ ከቃሉ ገጠር ተነሥተው፣ እኔንና ታናሽ እህቴን ዘይነባን ይዘው ባቲ መጠለያ ገቡ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እሷ ሁለት ዓመት ገደማ። አባታችን መንገድ ላይ ሞተ። እናቴ በተስቦ ሲወድቁ ሕፃኗን ‹እስክትድኚ እናቆይልሽ› ብለው ወደ ደሴ ማሳደጊያ ወሰዷት፤ ወረቀት ላይም ጣታቸውን አስነኳቸው። ድነው ሲሄዱ ‹አዲስ አበባ ተልካለች› ተባሉ። ከዓመት በኋላ ደግሞ አንድ ሰው ‹ውጭ አገር ሄዳለች› አላቸው። እናቴ ኋላ ሌላ አግብተው ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ እነሱ ስለ ዘይነባ ምንም አያውቁም። ዘንድሮ ግን ‹ሳልሞት ወሬዋን ልስማ› እያሉ ነው። ማሳደጊያው ከተዘጋ ቆይቷል። ያጫወትኩት አንድ ሰው ‹ፋይሉን አግኝቻለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉኝ› ይላል። ከየት ልጀምር? ለወንድሞቼስ ልንገራቸው? ትልቁ ነጋዴ ነው፤ ታናሽየው በባቲ መስመር ሚኒባስ ይነዳል።» (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለሰውዬው አምስት ሳንቲም እንዳይከፍሉ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምለው መልሴ እስኪደርስዎ ከፍለው እንዳይጠብቁኝ ስለሰጋሁ ነው። እውነተኛ ፋይል ያየ ሰው የመዝገቡን ቁጥር፣ የደብዳቤውን ቀንና የፈረመውን ኃላፊ ስም ሳይከፈለው መናገር ይችላል። የመጀመሪያውን ገጽ በስልኩ አንሥቶ ማሳየትም አያቅተውም። ይህ ሰው እስካሁን የሚያውቀው እርስዎ ያጫወቱትን ብቻ ነው፤ የራስዎን ወሬ መልሶ ሊሸጥልዎ ነው የመጣው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ጥብቅ ነገር ልንገርዎ። እናትዎን ስለ ሕፃኗ ገላ ይጠይቋቸው። በገጠራችን ዐይኑን የታመመ ሕፃን ቅንድቡ አጠገብ ይበጣ ነበር፤ እንጥል ይቆረጥ፣ ሆዱን ያመመውም ይተኮስ ነበር። የብጥና የመተኮስ ጠባሳ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ምልክቱ በየትኛው ጎን፣ ምን ያህል እንደሆነ ጽፈው ያስቀምጡና ለማንም አይናገሩ፤ ለቢሮ ሠራተኛም ሆነ ለወዳጅ፣ ማስታወቂያ ላይም ቢሆን አይውጣ። አንድ ቀን «አገኘኋት» የሚል ሲመጣ፣ ወይም «እኔ ነኝ» የምትል ስትደውል የሚጠይቁት እሱን ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው። እንዲህ ያለ ጉዳይ የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስም ይዞ መዝገብ ቤት ይሄዳል። «ዘይነባ እገሌ የምትባል ልጅ ፈልጉልኝ» ይላል፤ መዝገብ ቤቱ «የለችም» ይለዋል፤ ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ከሰፈረው ሁሉ ደካማው ግን ስም ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን የአባቷን ስም አትናገርም። የጻፈው ሰው የጻፈው ተሸክሞ ያመጣት ሰው የነገረውን ነው፤ ያመጣት ሰው ደግሞ መንገድ ላይ የሰማውን። ማሳደጊያው ውስጥ ሞግዚቶቹ «ትዕግሥት» ወይም «ምሕረት» ብለው ከጠሯት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ መዝገቡም እንደዚያው ይላል። በዚያ ላይ የእኛ የወሎ ነገር አለ። እዚህ አበበ መሐመድ የሚባል ሰው ማንንም አያስገርምም፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል። ስለዚህ ዕድሜዋና የመጣችበት ቀን የሚገጥም ልጅ በክርስቲያን ስም ተመዝግባ ካገኙ «የእኛ አይደለችም» ብለው ገጹን እንዳያልፉት።

ድንበር ከተሻገረ በኋላ ስሙ ይብስበታል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ፈረንጁ መጨረሻ ላይ ያገኘውን ይወስድና የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፤ አሳዳጊዎቹም የራሳቸውን ይጨምሩበታል። «ዘይነባ»ን በላቲን ፊደል አምስት ሰው ቢጽፈው አምስት ዓይነት ይወጣል። እንደ «ሰይድ»ና «ይማም» ያሉ ስሞችማ አይነሡ። እንግዲህ ስሙን በሁለተኛ ደረጃ ይያዙትና ፍለጋውን በአራት ነገር ላይ ያቁሙት፦ የተነሣችበት ቦታ፣ የተወሰደችበት ቀን፣ የወሰዳት ሰው፣ ወረቀቱ ላይ የፈረመው ሰው። እነዚህን የሚለውጥ ሞግዚትም ተርጓሚም የለም።

አራቱም በመጀመሪያ የሚገኙት እናትዎ ዘንድ ነው። ከማንኛውም ቢሮ በፊት እሳቸው ይቀድማሉ፤ ቢሮው የሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ይኖራል። ስልክዎ ላይ የድምፅ መቅጃውን ይክፈቱ፣ ቡና ይፈላ፣ ይጫወቱ። መጠይቅ አታድርጉት፤ በአንድ ቀንም አይለቅም። ምናልባት «ቀኑን አላውቀውም» ይሉ ይሆናል። ያውቁታል፤ በቁጥር የማያውቁት ቢሆንም። «መውሊድ አልፎ ነበር ወይስ አልደረሰም? ረመዳን ገብቶ ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው። በ1977 መውሊድ የዋለው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፤ ረመዳን የገባው ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ዒድ አል ፈጥር ደግሞ ሰኔ አጋማሽ ላይ ነበር። እናትዎ «ከመውሊድ በኋላ ነው፣ ብርዱ ገና አልለቀቀም ነበር» ካሉ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ያለውን ያዙ። «የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ድንኳኑን አጥለቅልቆት ነበር» ካሉ ሌላ ወር ነው። ከአሥራ ሦስት ወር ወደ ሁለት ማጥበብ መቻል መዝገብ ለሚያገላብጥ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ስለ ሰዎቹ ይጠይቋቸው። የወሰዷት ፈረንጆች ነበሩ ወይስ ያገር ሰዎች? ነጭ የለበሱ ከነበሩ አንገታቸው ላይ መስቀል ነበር? መነኮሳት ከሆኑ ማኅበራቸው አለ፤ የመነኮሳት ማኅበራት ደግሞ የየቤታቸውን መዝገብ ይይዛሉ፣ ቤቱ ሲዘጋም ለዋናው ቤት ያስተላልፋሉ። ነርሶች ከሆኑ መጠለያው ውስጥ ያክም የነበረውን ድርጅት መፈለግ ነው። መኪናው ላይ ምልክት ነበር? ቀይ መስቀል፣ እጅ፣ ርግብ፣ ፊደል? ማንበብ የማይችል ሰው ሥዕል በደንብ ያስታውሳል። አብረዋቸው በአንድ ድንኳን የነበሩት እነማን ነበሩ? ከእነሱ በሕይወት ያለ አለ? የእነሱስ ልጅ አብሮ ተወስዶ ነበር? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ከሁሉም የበለጠ ሊረዳ የሚችለው ግን እሱ ነው። በአንድ መኪና የሄዱ ሕፃናት መግቢያ መዝገቡ ላይ የሚሰፍሩት ተከታትለው ነውና፣ የአንዱ ቁጥር ከተገኘ የሌላውም ቅርብ ነው።

ቀን ካነሣን አይቀር፣ ስለ ቀን አጻጻፍ አንድ ነገር። ወረቀት ላይ «10/4/77» የሚል ቢያዩ እኔና እርስዎ ታኅሣሥ 10 ቀን 1977 መሆኑን ወዲያው እናውቃለን፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 19 ቀን 1984 ማለት ነው። ውጭ አገር ያለ መዝገብ ቤት ግን ኤፕሪል 10 ቀን 1977 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ኦክቶበር 4 ይለዋል። በ1984 ፋይሎች መካከል ሲፈለግ የሚውለው ወረቀት ከሰባት ዓመት በፊት ባለው ሣጥን ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ውጭ በሚጽፉት ደብዳቤ ሁሉ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ። የልደት ቀንን በተመለከተ ከወረቀቱ ብዙ አይጠብቁ። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ሕፃን የልደት ቀን ማለት አንድ ሰው ጥርሱን አይቶ የገመተው ነው።

አሁን ወረቀቱ የት የት ሊኖር እንደሚችል እንይ። እህትዎ በርግጥ በጉዲፈቻ ወጥታ ከሆነ ቢያንስ አራት ቦታ ምልክት ትታለች። አንደኛው የማሳደጊያው መግቢያ መዝገብ ነው። ሁለተኛው የሕፃናትን ጉዳይ ይመራ የነበረው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት፤ የዚህ መሥሪያ ቤት ስምና መዋቅር ከደርግ ጊዜ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፣ ዛሬ በፌዴራል ደረጃ ሥራውን የያዘው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ሦስተኛው ፍርድ ቤት ነው። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጉዲፈቻ ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም ይል ነበር፤ ስለዚህ ሕጋዊ መንገድ ከተከተሉ ውሳኔ አለ፣ ውሳኔ ካለ ደግሞ የመዝገብ ቁጥር አለ። አራተኛው የጉዞ ሰነዷን የሰጠው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። ከደሴ «አዲስ አበባ ተልካለች» መባሉ ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ የውጭ ጉዲፈቻ ጉዳይ የሚያልቀው እዚያ ስለነበር ሦስቱን አዲስ አበባ ነው የሚፈልጓቸው።

አንዱ ቢሮ «ጉዲፈቻ እኮ ተከልክሏል» ብሎ ሊመልስዎ ይሞክራል። እውነት ነው፣ ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት ከጥር 2010 ወዲህ በሕግ ቀርቷል። የተከለከለው ግን አዲስ መስጠት ነው፤ የድሮውን መዝገብ ማየትን የከለከለ ሕግ አይደለም። በትሕትና ይህንኑ ይንገሯቸውና ከወንበሩ አይነሡ።

«በርግጥ በጉዲፈቻ ወጥታ ከሆነ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። «ውጭ ሄዳለች» ያለው ማን ነው? ከየት ሰምቶ? በዚያን ጊዜ ሰውን ከወሎ ያነሣው ጉዲፈቻ ብቻ አልነበረም። በ1977 እና 1978 ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ መተከልና ጋምቤላ አስፍሯል። በዚያ ግርግር ከማያውቁት ቤተሰብ ጋር የተሳፈሩ ሕፃናት ነበሩ። በግል የተወሰዱም አሉ፦ ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም በዓል ወደ እኛ አገር መጥተው፣ በረሃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ማሳደጊያቸው የተነሣው ከዚያ ነው። እሳቸው ስማቸው የታወቀ ሆነ እንጂ እንደሳቸው አንድ ሕፃን አቅፎ ወደ ቤቱ የሄደ የደሴ፣ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ እህትዎ ስቶክሆልም ወይም ሮም ትኖራለች ብለው ልብዎን አይዝጉ። ፓዊ የምታርስ፣ መርካቶ ሱቅ ያላት ሴትም ልትሆን ትችላለች፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ የውጭውን ብቻ ሲያሳድዱ ዓመታት ያልፋሉ።

ደሴ ላይ ምን ይደረግ? መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ደቡብ ወሎ ዞን ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ ነው። ማመልከቻዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ግልባጩ ላይ ገቢ መሆኑን ያስመዝግቡ። የሚጠይቁት የልጅቷን ፋይል ብቻ አይሁን። ማሳደጊያ ሲዘጋ ልጆቹንም ንብረቱንም ወረቀቱንም ለሆነ አካል ያስረክባል፤ ያ ርክክብ በደብዳቤ ይሆናል። «የርክክቡ ሰነድ የት ነው? ተረካቢው ማን ነበር?» ይበሉ። ይህ ጥያቄ ጸሐፊዋን ከወንበሯ ያስነሣል፣ የልጅ ስም ግን አያስነሣትም። «በጦርነቱ ተቃጥሏል» ሊባሉም ይችላሉ። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው በነበሩባቸው ሳምንታት መሥሪያ ቤቶችና የጤና ተቋማት መዘረፋቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «ተቃጥሏል» ማለት ለመፈለግ ለሰነፈም ሰው ምቹ መልስ ሆኗል። የለም ካሉ «የለም» የሚል ደብዳቤ ይስጡዎት። ደብዳቤ ለመጻፍ ሲገደዱ መጋዘኑን አንድ ጊዜ የሚያዩ ሠራተኞች አሉ። ካልተገኘም ያ ደብዳቤ አዲስ አበባ ሲሄዱ ይጠቅምዎታል፤ «መጀመሪያ ዞን ጠይቂ» ብለው እንዳይመልሱዎት።

ወረቀቱ ቢጠፋ ሰው አለ። በዚያ ማሳደጊያ የሠራች ሞግዚት፣ ወጥ ቤት፣ ዘበኛ፣ ሾፌር ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሞግዚት ልጆቿን አትረሳም፤ የመዝገቡ ስም ባይመጣላት እንኳ «ያቺ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት» ትላለች። (እዚህ ላይ ነው የሚጠነቀቁት፤ እሷ ትበል እንጂ እርስዎ አይጀምሩላት።) እነሱን ለማግኘት የተሻለው መንገድ ሰፈሩ ነው። ማሳደጊያው የነበረበትን ሰፈር ይዘው የዕድሩን ዳኛ ያነጋግሩ። ሸዋ በር ይሁን ሆጤ፣ የዕድር መዝገብ ከቀበሌ መዝገብ ይልቅ ዕድሜ ሲኖረው አይቻለሁ፤ ማን የት እንደሚሠራ፣ ማን መቼ ጡረታ እንደወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የውጭውን በር በተመለከተ አንድ የምሥራች አለ። እህትዎ በጉዲፈቻ ወጥታ ከሆነ የፋይሏ የተሟላ ቅጂ ያለው ምናልባት ደሴም አዲስ አበባም ሳይሆን በራሷ መሳቢያ ውስጥ ነው። አሳዳጊዎች የፍርድ ቤቱን ውሳኔና ትርጉሙን ይዘው ነው የሄዱት፤ ያገናኛቸው ድርጅትም ቅጂ ያስቀራል። በብዙ አገሮች ደግሞ በጉዲፈቻ ያደገ ሰው አዋቂ ሲሆን የራሱን ፋይል የማየት መብት አለው። እርስዎ ግን ያንን ፋይል መጠየቅ አይችሉም፤ እሷ ናት የምትችለው። ስለዚህ የእርስዎ ሥራ እሷ ስትፈልግ የምትደርስበት ቦታ ላይ ቀድሞ መገኘት ነው። «ቤተሰብ ፍለጋ» በሚል ስም የሚታወቅ፣ ወላጅ ቤተሰቦችና በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆች መረጃቸውን የሚያስመዘግቡበት የመረጃ ቋት አለ፤ እዚያ ይመዝገቡ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በጦርነትና በአደጋ የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት አለውና ደሴ ቅርንጫፉን ይጠይቁ። የሚያስመዘግቡት ቃል አጭር ይሁን፤ እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ፦

«በ1977 (በፈረንጆቹ 1984/85) ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ባቲ መጠለያ። ሁለት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ። እናቷ ታመው ስለነበር ወደ ደሴ ማሳደጊያ ተወሰደች፤ ከዚያ አዲስ አበባ ተላከች ተባለ። ቤት ውስጥ ዘይነባ እንላት ነበር፤ ስሟ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። እናቷና እህቷ በሕይወት አሉ።»

ወሩን እናትዎ በሚነግሩዎት ይተኩት። «ወሎ ክፍለ ሀገር» የሚለውን አይተዉ። ባቲ ዛሬ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ቢሆንም በእሷ ወረቀት ላይ የሚኖረው የዚያን ጊዜው ስም ነው። የመጨረሻዋንም ዓረፍተ ነገር አይተዉ። እንደ እህትዎ ያለ ሰው ፋይሉ ላይ የሚያነበው «ወላጆቿ የሞቱ» የሚል ሊሆን ይችላልና፣ እናት እንዳላት የምታውቀው ከዚያች መስመር ነው።

የዘረ መል (ዲኤንኤ) ምርመራ ወረቀት የማይችለውን ይችላል። ውጭ አገር ያደጉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ምራቃቸውን ሰጥተው ውጤታቸው በመርማሪ ድርጅቶች ቋት ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚጠብቁት ከዚህ በኩል የሚመሳሰል ሰው ነው። እርስዎና ዘይነባ ከአንድ አባትና እናት ስለሆናችሁ በአማካይ ግማሽ ያህል ትጋራላችሁ፤ ወንድሞችዎ ሩብ ያህል። ከሁላችሁም በላይ ግን የእናትዎ ይበልጣል፤ የእናትና የልጅ ውጤት ክርክር የለውም። ውጭ የሚኖር ዘመድ ሲመጣ የምራቅ መውሰጃ ዕቃውን ይዞ ይምጣ፣ የእናትዎን ናሙና ይዞ ይመለስ። ድርጅቶቹ ቋታቸውን አይጋሩምና በአንዱ ባይገኝ «የለችም» ማለት አይደለም። እናትዎ ምን እንደሚደረግ ገብቷቸው፣ ፈቅደው ይሁን። ጣታቸውን ሳይገባቸው አንድ ጊዜ አስነክተዋቸዋል፤ ሁለተኛ አይደገም።

ስለዚያች ጣት ጥቂት ልበል። እርስዎ በቀጥታ አልጠየቁኝም፤ እናትዎ ለአርባ ዓመት ዝም ያሉት ግን በእሷ ምክንያት ይመስለኛል። «ልጄን ፈርሜ ሰጠሁ» ብለው ያስባሉ። የተባሉት «እናቆይልሽ» ነው፤ የተስማሙትም በዚያው ነው። ማንበብ የማትችል፣ በተስቦ የወደቀች፣ ባሏን የቀበረች ሴት አመነች፤ ልጇም በዚያ መጠለያ አልሞተችም። ደግሞም ሕጉ ራሱ ልጅነቷን አልሰረዘም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይናገራል። ይህን ለእናትዎ በቃልዎ ይንገሩልኝ፤ ሸህ ወይም ሽማግሌ ባለበት ቢነገራቸው ደግሞ የበለጠ ይገባቸዋል።

ከተገኘች፣ የመጀመሪያው መልእክት አንድ ገጽ አይሙላ። ማን እንደሆናችሁ፣ እናት እንዳሉ፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ መልስ ለመስጠት እንደማትገደድ። ገንዘብ፣ ቪዛ፣ የቤት ችግር፣ የወንድም ሥራ ማጣት በዚያ ደብዳቤ ውስጥ አይነሣ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛውም። እዚህ ላይ ብዙ ዘመድ ይቆጣኛል፤ «እህት አይደለች እንዴ፣ ለማን ይነገራል?» ይባላል። ይነገራል፣ ጊዜው ሲደርስ። አርባ ዓመት ሙሉ ሌላ እናት «እማዬ» ስትል የኖረች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የሥጋ ዘመዷን ድምፅ ስትሰማ ሒሳብ የሚመስል ነገር አትስማ። መልስ ሳትሰጥ ስድስት ወር ብትቆይም አትቀየሟት። አማርኛ ላትችል ትችላለች፤ ተርጓሚው ከዘመድ ባይሆን ይመረጣል፣ ዘመድ ሲተረጉም ይጨምራል።

ወንድሞችዎን በተመለከተ፦ ይንገሯቸው፤ የሚናገሩት ግን እናትዎ ይሁኑ። ከእርስዎ ከሰሙት «ለምን ደበቃችሁን» የሚል ጠብ ይሆናል፤ ከእናታቸው አፍ ሲሰሙት የእናታቸው ሐዘን ይሆናል። ነጋዴው ስለ ውርስ ቢያጉረመርም አይገርመኝም፤ ለጊዜው ያጉረምርም። ታናሽየው ግን ሰኞ ሰኞ ለባቲ ገበያ ሰው ያመላልሳል መሰለኝ። በመጪው ሰኞ እናትዎን ከፊት ወንበር ያስቀምጣቸውና ይዟቸው ይሂድ። በዚያ ድንኳን አብረዋቸው ከነበሩት ሴቶች ዛሬም ቅቤ ይዘው ገበያ የሚወጡ አይጠፉም፤ መጠለያው የት ጋ እንደነበር እናትዎ ራሳቸው ያሳዩት፤ እርስዎ ከኋላ ተቀምጠው ስልኩን ይክፈቱ።